የሽማግሌዎቻችን እግርና የእኛ አክብሮት

«እርጅና ብቻህን ና» የሚለው የአገራችን አባባል እርጅናን ራሱን አይጠላም፤ የሚጠላው አጅበውት የሚመጡትን ድካምና ደዌ ነው። ዛሬ ልናነሣ ያሰብነው ከእነዚህ አጃቢዎች አንዱን፣ ይኸውም የጡንቻን መመንመን ነው። ይህ አጃቢ ሁልጊዜ በገዛ እጁ የሚመጣ አይደለም፤ እኛው ልጆቹ በአክብሮት በር ከፍተን የምናስገባው ጊዜ ብዙ ነው። በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች የሚታየውም ይኸው ነው።

ከአውበሬ ወይም ከቀብሪበያህ ገጠር ግመል ሲያረቡ የኖሩ ሽማግሌ ሰባ ዓመት ሞልቷቸውም ቢሆን በቀን ብዙ ሰዓት ይሄዳሉ። ከጕድጓድ ውኃ ይቀዳሉ፣ ግመል ያንበረክካሉ፣ ይጭናሉ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ያለ ድጋፍ ይነሣሉ። ልጃቸው ተምሮ ጅግጅጋ ላይ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ይይዝና «አባቴ፣ ብዙ ደክመዋል፤ አሁን ይረፉ» ብሎ ወደ ከተማ ያመጣቸዋል። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ መከዳ ይደረጋል። ሻዩ ካሉበት ይመጣል፤ የመታጠቢያውም ውኃ ካሉበት ይመጣል። ወደ መስጊድ በባጃጅ ይወሰዳሉ። እጃቸውን ወደ ጫማቸው ሲዘረጉ የልጅ ልጅ ቀድሞ ያቀርብላቸዋል። ጎረቤት ሁሉ ልጁን ይመርቀዋል፤ መመረቅም ይገባዋል። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌው ከምንጣፉ ለመነሣት ደጋፊ ይፈልጋሉ። ቤተ ሰቡም «እርጅና ነው» ይላል። እኛ ደግሞ የምንጣፉም እጅ አለበት እንላለን።

ይህን ስንል በግምት አይደለም። የሰው ጡንቻ ከጐልማሳነት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ጡንቻውን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ፤ ይልቁንም ሰው ሲደናቀፍ ቶሎ ደርሰው ከመውደቅ የሚያድኑት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ቀድመው ይሰልላሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ኢርዊን ሮዘንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ለዚህ ነገር ከግሪክ ቋንቋ «ሳርኮፔኒያ» የሚል ስም አወጡለት፤ ሥጋ ማጣት እንደ ማለት ነው። በ2016 የአሜሪካ የበሽታዎች መዝገብ የራሱን መለያ ቍጥር ሰጠው። ስም የሌለው ነገር ዕጣ ፈንታ ይመስላልና ስሙ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1966 በዳላስ ከተማ አምስት የሃያ ዓመት ወጣቶች ለምርምር ሲባል ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ሲመረመሩ፣ ሦስቱ የአልጋ ሳምንታት ሰውነታቸው ለሥራ ያለውን ዐቅም የቀነሱት ሠላሳው ዓመት ከቀነሰው ይበልጥ እንደ ነበር ታወቀ። በ1990 ደግሞ በቦስተን ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆናቸው ጥቂት ጡረተኞች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። የእግራቸው ኀይል በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱም ምርኵዛቸውን ጣሉ። ሥራውን ለአራት ሳምንት ባቆሙ ጊዜ ግን ኀይላቸው 32 በመቶ ቀነሰ። የዘጠና ዓመት ጡንቻ ይማራል፤ የተማረውንም ቶሎ ይረሳል።

ሐኪሞች የሽማግሌን እግር ሲፈትኑ እጁን ሳይደገፍ ከወንበር አምስት ጊዜ እንዲነሣ ያዙታል፤ ከ15 ሴኮንድ በላይ ከወሰደበት የድካም ምልክት ነው። የጅግጅጋ ሽማግሌ ግን በቀን በሚሰግዳቸው አምስት ግዴታ ሶላቶች ውስጥ 17 ረከዓ አለ፤ ግንባሩን መሬት አስነክቶ መነሣት ደግሞ ከወንበር ከመነሣት ይከብዳል። ለታመመ ሰው በወንበር መስገድ የተፈቀደ ነው፤ በዚያ እኛ አንገባም። ጥቂት ታግለው መነሣት ለሚችሉት አባት ግን የላስቲክ ወንበር ይዘን ባንቸኵል መልካም ነው።

ድካም ሁሉ ግን ስፖርት አይደለም። በቀብሪበያህ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ የምትመላለስ እናት ጕልበቷ የሚያስፈልገው ዕረፍትና ቧንቧ ነው። ጡንቻ ያለ ምግብ አይገነባም፤ ድርቅ መንጋውን ሲፈጅ ከግመሉ ወተት ጋር የሽማግሌው ጡንቻ አብሮ ይሄዳል።

ወጣቱ ባለ ሥልጣንስ? በ1953 ሐኪሙ ጄሪ ሞሪስ በለንደን አውቶቡሶች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ቀኑን ተቀምጠው የሚውሉት ሾፌሮች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ቲኬት ቈራጮች ይበልጥ በልብ በሽታ መያዛቸውን አሳይተዋል። የእኛ ወጣት ጧት በጠረጴዛ፣ ቀትር በባጃጅ፣ ከሰዓት በኋላ እስኪመሽ በጫት ምንጣፍ ላይ ነው። የባጃጅ ነጂዎችን እንጀራ ለመንፈግ አይደለም፤ ነገር ግን ከቢሮ እስከ ሻይ ቤት ባጃጅ ምን ያደርጋል? ጅግጅጋ ሜዳ ናት። ከተማዋን እንደ ቈረቈሩ በሕይወት ታሪካቸው የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም ቀጥ ያለ መንገድ ትተውላታል። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ። በ30 ዓመቱ ፎቅ ሲወጣ የሚያለከልከው ባለ ሥልጣን በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ የት ሊደርስ ነው?

ማዘጋጃ ቤቱ በእግረኛ መንገድ ላይ የተደረደረውን ሸቀጥ አንሥቶ ዛፍና መቀመጫ ቢያኖር፣ ሽማግሌው ግማሽ መንገድ ላይ ዐረፍ ብሎ መስጊድ ይደርሳል። ለጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የሚሆን ሥራ አለ። የእጅ ጭብጥ ኀይል ለወንድ ከ27፣ ለሴት ከ16 ኪሎ በታች ሲሆን ጡንቻ ደከመ የሚለው መለኪያ የተወሰነው ለአውሮፓ ሰዎች ነው። የአውበሬን ግመል አርቢ፣ የቶጎ ውጫሌን ነጋዴና የጅግጅጋን ጸሐፊ በዚህ ቍጥር ከመፍረድ በፊት እነርሱኑ መለካት ይገባል። መሣሪያው በአንድ እጅ የሚያዝ ነው፤ ቅዳሜ ጧት ይዞት ወደ ገበያ መውጣት ይቻላል።