የቸኮለ ሾፌር ቆሞ ይውላል



በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ እኛም መንገድ ብቅ ብሏል። መኪናው ተለወጠ፤ አነዳዳችን ግን ያው የድሮው ነው። በዚህ ላይ የምንለው አለን።

ከእረፍት ስንመለስ አራት ሆነን ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሳፈርን። ስንነሳ ባትሪው አልሞላም ነበር። ሾፌሩ፣ «ይቺ ቤንዚን አትጠጣም፤ ምን አስጨነቃችሁ!» እያለ ሜዳውን ሲያገኝ በ100 ያበራት ጀመር። ነፋሱም ከፊት ነበር። ወራቤን እንዳለፍን ባትሪው ሊያልቅ ሆነ። ከአንድ ሻይ ቤት ሶኬት ሰክተን ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ከእኛ አንዷ የከሰዓት ፈተናዋ አለፋት። ሾፌሩ ባትሪውን ረገመ። እኛ ግን ጥፋቱ የባትሪው አይደለም እንላለን።

ለምን ቢሉ፣ ሒሳቡ እንዲህ ነው። አየር መኪናን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ፍጥነት ከ80 ወደ 100 ሲወጣ ጭማሪው ሩብ ብቻ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ከግማሽ በላይ ይጨምራል። በ80 እየነዱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢመጣም ለአየሩ በ100 እንደመንዳት ነው። ሾፌራችን ግን በ100 ላይ ነፋሱን ጨመረበት። ነፋስ በመልስ ጉዞ ከኋላ ቢገፋም የወሰደውን ሁሉ አይመልስም።

ታዲያ ትርፉ ምን ነበር? ከአዲስ አበባ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሁሉ ቢፈቅድ እንኳ በ100 መንዳት በ80 ከመንዳት የሚበልጠው 35 ደቂቃ ገደማ ነው። ተራ ሶኬት ደግሞ በሰዓት የሚሰጠው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ ነው። 35 ደቂቃ ለማትረፍ ሦስት ሰዓት ከፈልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ አይደል እንዴ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ጥፋቱ የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ እጥረት ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ መናኸሪያዎች አጠገብ ፈጣን ቻርጀር ቢተከል ደስታችን ነው። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ኃይሉ ለሕዝብ እንዲደርስ ነውና መጠየቃችን ተገቢ ነው። ነገር ግን ጣቢያ እስኪተከል የቀኝ እግርን ማቅለል ገንዘብ አይጠይቅም። ጣቢያ ቢኖርም ባትሪ ከ80 በመቶ በላይ ሲሞላ ስለሚዘገይ፣ በዝግታ ነድቶ በአጭሩ ቆሞ ማለፍ ይሻላል።

ስለዚህ ሾፌር ወንድሞቻችን ሆይ፣ ሳትነሱ ባትሪውን ሙሉ፤ ነፋሱን እዩ፤ ዳገቱን ቁጠሩ፤ ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አንሱ፤ ሞተሩ ራሱ ባትሪውን መልሶ ይሞላል።

እኛ ዕጩ መምህራንም ድርሻ አለን። «ካሬ» የሚለውን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አናስቀረው። ነገ ከአንጋጫ ወይም ከሾኔ የምናስተምረው ልጅ ሾፌር ይሆናል፤ ካሬ ምን እንደሆነ ከገባው፣ ተሳፋሪው ፈተና አያልፈውም።