አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ

አንባቢዬ ሆይ፥ ቅጽል ስም ሳይወጣለት ያደገ የድሬዳዋ ልጅ የሚያውቁ እንደ ሆነ ይንገሩኝ። ከከዚራ ይሁን ከመጋላ፥ ወፍራሙም ቀጭኑም፥ እናቱ ካወጣችለት ስም ሌላ ሰፈሩ የሰጠው ስም አለው። «የፍቅር ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን «ወላቃው» የተባለውን ልጅ፥ ስሙን ወድዶት እንደ ሆነ የጠየቀው ሰው የለም። ስሙ በተጠራ ቁጥር እጁን ወደ አፉ ያደርሳል።

ይህን ስል ተደባድቦ ጥርሱ ስለ ወለቀበት ልጅ ማለቴ አይደለም። በሰባት ዓመቱ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ጣሪያ ላይ የወረወረውም ልጅ አይደለም፤ የእሱ ወላቃነት የጥቂት ወራት ነገር ነው፤ እኩዮቹም አብረውት ይወልቃሉና አያፍርም። የምናገረው ጥርሱ ከመጀመሪያውም በድዱ ውስጥ ስላልተፈጠረለት ልጅ ነው። ሰው 20 የወተት ጥርስ፥ በኋላም 32 ቋሚ ጥርስ ያበቅላል ተብለን ተምረናል። ይህ ግን ለሁሉ አይደርስም። መጨረሻ ላይ የሚወጡትን መንጋጋ ጥርሶች ሳንቆጥር እንኳ፥ ከ20 ሰው አንዱ ያህል አንድ ወይም ሁለት ቋሚ ጥርስ ሳይበቅልለት ይቀራል፤ ባለቤቱም ሳያውቀው ሊያረጅ ይችላል። ስድስትና ከዚያ በላይ የጎደለበት፥ አልፎ አልፎም አንድ እንኳ ያልበቀለለት ልጅ ግን፥ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፥ አለ።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያዝንለት ስለ ምግቡ ነው። እውነት ነው፥ ቆሎና ሸንኮራ አገዳ ለእሱ አይሆኑም። ነገር ግን እንጀራው በወጥ ርሶ፥ ሥጋውም ደቅቆ ተከትፎ ይበላል፤ የሰው ድድም ከምናስበው ይልቅ ብርቱ ነው። የሚከብደው ንግግሩ ነው። «ፈ» ለማለት የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር መንካት አለበት፤ «ሰ»ና «ዘ»ም ያለ ፊት ጥርስ ጠርተው አይወጡም። ልጁ ፊደል ሲቆጥር ከ«ሀ» ተነሥቶ እስከ «መ» በሰላም ይሄዳል፤ «ሠ» ላይ ሲደርስ ክፍሉ ይስቃል። በሁለተኛው ቀን «አላጠናሁም» ይላል። ከዚያ በኋላ በመምህሩ መዝገብ ውስጥ ሰነፍ ነው፤ በጓደኞቹ ዘንድ ደግሞ ኩሩ ነው፤ አይስቅማ! ፎቶግራፍ ሲነሣ ከንፈሩን ይገጥማል፤ መዝሙር ሲዘመር ከኋላ ይቆማል። ያገራችን ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል፥ ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና። የዚህ ልጅ ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ልቡ እየሳቀ አፉ ይዘጋል።

እኛው ደግሞ ፍንጭቷን ልጅ የምናወድስ ሕዝብ ነን። ክፍተቱ የክር ስፋት ሲሆን ውበት፥ የጣት ስፋት ሲሆን መሳቂያ!

በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ግን ከመሳለቅ የባሰ ነገር አለ። ጥርስ፥ ጠጉርና የላብ ዕጢ በማሕፀን ውስጥ ከአንድ የላይኛ ሽፋን ስለሚበቅሉ፥ ብዙ ጥርስ ከጎደለባቸው ልጆች መካከል ላብ የማያልባቸው ይገኛሉ፤ ጠጉራቸው ስስ፥ ቆዳቸውም ደረቅ ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ ከሚገኘው ከሞቃቱ የሲንድ አገር ስለ አንድ ቤተ ሰብ ጽፎአል። በአራት ትውልድ ውስጥ 10 ወንዶች፥ ከላይና ከታች በጠቅላላው፥ 4 ደካማ የፊት ጥርሶችና 8 የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ብቻ ነበሩአቸው፤ በሙቀት ወራትም በቆዳቸው ድርቀት እጅግ ይሠቃዩ ነበር። የቤቱ ሴቶች ልጆች ምንም ሳይጎድላቸው ነገሩን ለወንዶች ልጆቻቸው ያወርሱ ነበር። ዛሬ ይህ የዘር ውርስ መሆኑ በሚገባ ታውቋል፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የበላችው ወይም የበደለችው ነገር አይደለም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ልጅ በደቻቱ አሸዋ ላይ በቀትር ኳስ ሲጫወት፥ ወይም «ሰነፍ» ተብሎ በስፖርት ሰዓት እንዲሮጥ ሲታዘዝ፥ ሰውነቱ ግሎ ሊሞት ይችላል። ጥላ፥ ውሃና በውሃ የራሰ ሸሚዝ ለእሱ መድኃኒት ናቸው።

ጥርሱ የጎደለ ልጅ ሁሉ ደግሞ እንዲሁ ተወለደ ማለት አይደለም። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፥ በድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠውን «ግግ ነው» ብለው በስለት የሚያወጡ አሉ። ያ ነጭ ነገር ገና ያልወጣ ክራንቻ ነው። ከበስተኋላው ያለው የቋሚ ጥርስ ቡቃያም አብሮ ይጎዳል፤ ስለቱ ያመጣው መመረዝም ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ፥ የዚያ አገር የጥርስ ሐኪሞች በልጆቹ አፍ ይህንኑ ጉድለት አይተው ጽፈውበታል።

ምን ይደረግለት? ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት የፊት ጥርሱ ያልታየ ልጅ ወደ ጥርስ ሐኪም ሄዶ ራጅ ይነሣ፤ ጥርሱ ዘግይቶ ወይም ተደብቆ እንደ ሆነ፥ ወይም ጭራሹን የሌለ እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ብዙ ጥርስ ለጎደለበት ልጅ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመቱ ጀምሮ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራለታል። አጥንት ውስጥ የሚተከለው ግን እድገቱ እስኪያበቃ፥ እስከ 18 ዓመት ገደማ ይቆያል።

ደመወዝ ጀምረው ታናሽ ወንድምዎን ለመርዳት የሚያስቡ እንደ ሆነ ግን ሁለት ነገር ይወቁ። በ5 ዓመቱ የተሠራለት ጥርስ እያደገ ሲሄድ እንደ ጫማው ይጠበዋል፤ ስለዚህ ወጪው የአንድ ጊዜ አይደለም። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያ ጥርስ ከአፉ ይልቅ በኪሱ ውስጥ ሊውል ይችላል፤ አይቆጡት። ማታ ማታ እርስዎ ብቻ እየሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ፤ ከ«ሠ» ይጀምር።