ለዒድ ሽርሽር ዘንገና ስንሄድ

በዒድ ማግስት ከጫግኒ ተነስቶ እንጅባራ አጠገብ ወዳለው ዘንገና ሐይቅ መሄድ ደስ ይላል። ዳር ላይ ብሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱ፤ ዋናው ግን ይቅር ባይ ነኝ። ዘንገና የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ብዙም ሳትርቁ እግራችሁ የሚረግጠው ያጣል። «ወንዝ ላይ ነው ያደግኩት» የሚል ጀግና አይጠፋም፤ እዚህ አያዋጣውም።

ጣና ይሻላል የምትሉም፣ እዚያ ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ እግር መንከር ብቻ ይበቃዋል። ከወራት በኋላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ፣ ጣና መግባታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።

ሰው ሲሰጥም ካያችሁ ዋና ሳትችሉ ዘላችሁ አትግቡ። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስራችሁ ወርውሩለት። ጀሪካኑና ገመዱ ከምግቡ ጋር አብረው ይጫኑ።