ቅጂ መያዝ ብቻውን ዋስትና ነውን?

የሶፍትዌር ድርጅት ዋነኛ ሀብት ሕንፃውም ኮምፒዩተሩም አይደለም፤ ፕሮግራመሮቹ በዓመታት ድካም የጻፉት ሶርስ ኮድ ነው። ባንክ ሂሳቡን የሚያንቀሳቅስበት፣ አስመጪ ዕቃውን የሚመዘግብበት፣ የአክሲዮን ደላላ የደንበኛውን ትዕዛዝ የሚያስተላልፍበት ፕሮግራም ሁሉ የሚሠራው ከዚሁ ጽሑፍ ነው። ይሁንና ይህ ሀብት በመጋዘን እንደተከማቸ ቡና አይታይም፣ አይሸትም። ቢነቅዝም ቶሎ አይታወቅም።

ኮዳቸውን በራሳቸው ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጡ ድርጅቶች በቂ ምክንያት አላቸው። ለውጭ ድርጅት የሚከፈለው ኪራይ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ ጊትሃብ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሩን ማዕቀብ በመከተል በኢራን፣ በሶሪያና በክራይሚያ ያሉ ደንበኞቹን አገልግሎት ገድቦ እንደነበር አይዘነጋም። በራስ ቤት ማስቀመጥ ነፃነት ነው። ነፃነቱ ግን ዕዳ አለው፤ ኮዱ ጤነኛ መሆኑን የሚመረምር ሌላ ሰው የለም።

የዚህን ዕዳ ክብደት ኬዲኢ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ በሚገባ አይቶታል። ማኅበረሰቡ ወደ 1500 የሚጠጉ የኮድ ማከማቻዎችን በራሱ ሰርቨር ላይ ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2013 ሰርቨሩ ለደህንነት ማሻሻያ ተዘግቶ ሲከፈት ፋይሎቹ ተበላሽተው ተገኙ። መጠባበቂያ ይሆናሉ የተባሉ ሌሎች ሰርቨሮች ነበሩ። እነዚህ ግን የተሠሩት ዋናውን ያለ ጥያቄ እንዲከተሉ ነው። የማከማቻዎቹ ዝርዝር የሰፈረበት ፋይል ተበላሽቶ ሲደርሳቸው፣ በዝርዝሩ ያልተገኘውን ሁሉ ከራሳቸው ላይ ሰረዙ። የዓመታት ሥራ የተረፈው ከጥፋቱ ያመለጠ አንድ ሰርቨር በዕድል በመገኘቱ ነው።

እንግዲህ የቅጂው ብዛት አልጠቀመም። ዋናውን በጭፍን የሚከተል ቅጂ ጥፋትንም በታማኝነት ይቀዳል። የመርካቶ ነጋዴ ብር ከገዛ ወንድሙ ሲቀበል እንኳ ይቆጥራል። ኮድ ግን ሳይቆጠር ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ይተላለፋል።

መቁጠሪያው የለም እንዳይባል አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራውና ዛሬ ብዙው ፕሮግራመር የሚጠቀምበት ጊት፣ ለእያንዳንዱ ፋይልና ለእያንዳንዱ ለውጥ ከይዘቱ የተሰላ መለያ ይሰጣል። በተለመደው አሠራር መለያው 40 ፊደላትና ቁጥሮች አሉት። ከይዘቱ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው አይገጥምም። እያንዳንዱ ለውጥ የቀዳሚውን መለያ ስለሚይዝም፣ ቁጥሩ እንደተያያዘ ደረሰኝ መሐል ላይ የጎደለው ይታወቃል። «ጊት ኤፍኤስሲኬ» የሚባለው ትዕዛዝ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ያመሳክራል፤ የተበላሸውንና የጠፋውንም ይናገራል። ዋጋው የሰርቨሩ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ችግሩ የሚያዝዘው ሰው መጥፋቱ ነው።

ይህ ምርመራ የማይደርስበት ነገር እንዳለም መታወቅ አለበት። መለያው ዕቃው አለመበላሸቱን እንጂ ማን እንዳስገባው አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2021 ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሚገለገልበት የራሱ ሰርቨር ላይ፣ በሁለት ታዋቂ ባለሙያዎች ስም ተንኮል ያዘለ ኮድ ገብቶ ተገኝቷል። ለሕዝብ ከመሠራጨቱ በፊት ቢደረስበትም፣ ባለቤቶቹ ሰርቨራቸውን ትተው ወደ ጊትሃብ ለመዛወር ወሰኑ። ለዚህ ዓይነቱ ስርቆት መድኃኒቱ እያንዳንዱ ለውጥ በጸሐፊው ዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ ማድረግና የይለፍ ቃልን በሁለተኛ ማረጋገጫ ማጠናከር ነው።

በራስ ሰርቨር የሚሠራ ድርጅት ቢያንስ አራት ነገር ማሟላት ይገባዋል። አንደኛ፣ ምርመራው ቅጂ ከመወሰዱ በፊት በየጊዜው ይካሄድ፤ ስህተት ከተገኘ ቅጂው ይቁም፤ ውጤቱም ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ዋናው ሰርቨር ሊያዝዘውና ሊሰርዘው የማይችል፣ የቆዩ ቀናትን ይዞት የሚቆይ አንድ ቅጂ በሌላ ሥፍራ ይኑር። ሦስተኛ፣ ቅጂው በተግባር ተመልሶ ይሞከር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው ድርጅት በስህተት የዳታቤዝ መረጃውን ሲሰርዝ፣ ከነበሩት አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች በአግባቡ የሚሠራ አልተገኘም፤ ያዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ቅጂ ነው። አራተኛ፣ ያልተፈረመ ለውጥ ወደ ዋናው ማከማቻ አይግባ።

ይህ የቴክኒክ ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ባለሀብት ይሳሳታል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በይፋ ከተጀመረ ወዲህ፣ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ራሱ በሶፍትዌር ላይ የቆመ ሥራ ሆኗል። በሶፍትዌር ድርጅት ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው የሂሳብ መርማሪውን ሪፖርት እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ኮዱ መቼ እንደተመረመረና ከቅጂው መቼ ተመልሶ እንደተሞከረ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባል። ሶፍትዌር በውል የሚያሠራ ነጋዴም ይህንኑ ከውሉ አንቀጽ አንዱ ያድርገው። ለጥያቄው ቀንና ውጤት ጠቅሶ የሚመልስ ድርጅት ንብረቱን ያውቃል። «ባክአፕ አለን» ብሎ የሚያልፍ ግን ምን እንዳለው ገና አልቆጠረም። ከጥፋት በኋላ የሚደረግ ምርመራ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።