የአሮጌ ግንብ ፖይንቲንግ፦ በኖራ ወይስ በስሚንቶ?

መሐንዲሱ

ብዙዎቹ የአዲስ አበባ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች በጭቃ ወይም በኖራ የተገነቡ ናቸው። ዛሬ እድሳት ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚመጣው ስሚንቶ ነው። ግንበኛው 1 እጅ ስሚንቶ ከ3 እጅ አሸዋ አቡክቶ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ ይሞላል፤ ፖይንቲንግ የሚባለው ይህ ነው፤ ከድንጋዩ በላይ ወጣ አድርጎ መስመር ያወጣለታል፣ ጥቁር ቀለምም ይቀባዋል። ያምራል ይባላል። ያ ወጣ ያለ መስመር ግን ዝናብ የሚያርፍበት መደርደሪያ ነው።

ቁጥሩን እንይ። ኤኤስቲኤም ሲ 270 በተባለው የአሜሪካ መስፈርት መሠረት ኤም የተባለው ጠንካራ ሞርታር (የግንብ ማያያዣ ድብልቅ) በ28 ቀኑ ቢያንስ 17.2 ሜጋፓስካል መሸከም አለበት፤ ኦ ለተባለው ለስላሳ 2.4 ይበቃዋል። ሰባት እጥፍ ልዩነት ነው። ለአሮጌ ግንብ የሚስማማው ለስላሳው ነው። ግንቡ ሲንቀሳቀስ መሰንጠቅ ያለበት፣ እርጥበትም መውጣት ያለበት በመጋጠሚያው በኩል ነው፤ መጋጠሚያ ይታደሳል፣ የተላጠ ድንጋይ ወይም ጡብ ግን አይመለስም። መጋጠሚያው በስሚንቶ ሲታፈን ከመሬት የተሳበው ውሃ ጨው ይዞ በድንጋዩ ወይም በጡቡ ፊት ይወጣና ይልጠዋል። በጎንደር ነገሥታት ግንብ ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስሚንቶ የተደረገው ጥገና ኋላ ተነስቶ በኖራ የተተካው ያለ ምክንያት አይደለም። አሠራሩም ይታወቃል፦ የመጋጠሚያውን ስፋት ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ወደ ውስጥ መፈልፈል፣ አቧራውን ማጠብ፣ ኖራውን በንብርብር መጠቅጠቅ፣ ከዚያም ፀሐይ እንዳያደርቀው በእርጥብ ጆንያ መሸፈን።

የቤት ባለቤቷ

ኢንጂነሩ ስለ ጎንደር ነገሥታት ግንብ ያወራሉ። እኔ የማወራው ልጆች ስለሚያድሩበት ቤት ነው። በሐምሌ ዝናብ የግድግዳችን ጭቃ እየታጠበ፣ አይጥ እስኪመላለስበት ድረስ መጋጠሚያው ተከፍቶ ነበር። አባቴ ተበድሮ በስሚንቶ አስሞላው፤ ቤታችን ደረቀ።

የሠራውን ግንበኛ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሞርታሩ ሳይደርቅ በጣቱ እየነካ ይጠብቃል፤ ልክ ሲሆንለት በማንኪያው ጫፍ ግራና ቀኙን ቆርጦ፣ ትርፉን አራግፎ፣ መስመሩን እንደ ጥለት ቀጥ አድርጎ ያስኬደዋል። ያ ሰው በሰፈሩ ስሙ የተጠራው በዚህ ሥራ ነው። ተምረናል የሚሉ ሰዎች መጥተው ጥፋት ነው ሲሉት ደስ አይለኝም። ድሃ ሰው ቤቱ እንዲያምርለት መፈለጉ መብቱ ነው፤ ለዚያ ፈቃድ መጠየቅ የለበትም።

ኖራውንስ ከየት ላምጣው? በሰፈሬ የሚሸጠው ለግድግዳ ቀለም የሚሆነው ነው። በኖራ ፖይንቲንግ የሚሠራ ግንበኛ ፈልጌ አጥቻለሁ።

መሐንዲሱ ሲመልስ

«ቤታችን ደረቀ» የሚለውን ማለፍ አልቻልኩም። የደረቀው ፊቱ ነው! ከኋላው ያለው ጭቃ አሁንም ውሃ ይስባል። ወይዘሮዋ በመዶሻ እጀታ መስመሩን ቀስ አድርገው ይምቱት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ስሚንቶው ለቋል፣ ከጀርባውም ውሃ ሊይዝ ይችላል።

የቤት ባለቤቷ ስትመልስ

መታሁት። ሁለት ቦታ ባዶ ነው፣ ሌላው ጠንካራ ነው። ያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው፤ «ያምራል ይባላል» ብለው ያለፉት። አይባልም፣ ያምራል። ሰው የኖረበትን ግድግዳ በሜጋፓስካል ብቻ መመዘን ልክ አይደለም። ኖራ የሚያቦካ ግንበኛ በምችለው ዋጋ ያምጡልኝና ከሁለቱ ባዶ ቦታዎች ይጀምር። እስከዚያው ሌላውን አላስፈለፍልም።