በፓናማ ቦይ ለማለፍ መርከብ ሲመረጥ



አንዲት የምናውቃቸው እናት በቅርቡ ጥያቄ ይዘውልን መጡ። አሜሪካ በሆስፒታል የምትሠራ ልጃቸው ከትርፍ ሰዓት ክፍያዋ እየቆጠበች፣ ሊጠይቋት ሲሄዱ በፓናማ ቦይ በሚያልፍ የሽርሽር መርከብ ልታዝናናቸው አስባለች። «እማዬ፣ አንቺ የወደድሽውን ምረጪ» ብላም የሦስት መርከቦች ማስታወቂያ ልካላቸዋለች። እሳቸው ግን ልጄ ሌሊት የለፋችበት ገንዘብ ባሕር ላይ ሊፈስ ነው ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። ተመሳሳይ ግብዣ እናንተንም ሊያጋጥማችሁ ስለሚችል የተወያየንበትን እነሆ።

በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት መርከቡ ቦዩን ያቋርጣል ወይስ ገብቶ ይመለሳል የሚለው ነው። ማስታወቂያዎቹ ሁለቱንም «የፓናማ ቦይ ጉዞ» ይሏቸዋል። የሚያቋርጠው መርከብ ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከ8 እስከ 10 ሰዓት ተጉዞ ይወጣል። ጉዞው በጠቅላላው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ለምሳሌ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ካሊፎርኒያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ የመመለሻው አውሮፕላን ትኬት ለብቻው ይታሰባል። ገብቶ የሚመለሰው ግን በካሪቢያን በኩል ወደ ጋቱን ሐይቅ ወጥቶ ይዞራል፤ ዐሥር ቀን ያህል ይበቃዋል። የልጅቱ የዓመት ፈቃድ አጭር ከሆነና እናትም ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ፣ ይኸኛው የሚናቅ አይደለም። ዋናው ትርኢት፣ ማለትም መርከብ ደረጃ ሲወጣ ማየት፣ በሁለቱም ይገኛል።

ደረጃ ይወጣል ስንል ቀልድ አይደለም። መርከቡ በብረት በር ወደሚዘጋ ትልቅ የውሃ ክፍል ይገባል። ከላይ ካለው ሐይቅ ውሃ ያለ ፓምፕ በራሱ ወርዶ ክፍሉን ሲሞላው መርከቡም አብሮ ይነሣል። እንዲህ እያለ በሦስት ክፍሎች ከባሕር ወለል 26 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈቱት አሮጌዎቹ ክፍሎች ስፋታቸው 33.5 ሜትር ሲሆን፣ በ2016 የተከፈቱት አዲሶቹ 55 ሜትር ናቸው፤ ግዙፎቹ መርከቦች የሚያልፉት በአዲሶቹ ብቻ ነው። እኛ ብንጠየቅ አሮጌዎቹን እንመርጣለን። ግድግዳው በእጅ የሚነካ እስኪመስል ይቀርባል፤ ሠራተኞቹ «በቅሎ» የሚሏቸው በሐዲድ ላይ የሚሄዱ የኤሌክትሪክ ሞተሮችም መርከቡን ግራና ቀኝ ይዘው ይመሩታል።

በረንዳ ላለው መኝታ ክፍል ብዙ ገንዘብ መክፈል ግን አያስፈልግም። በዚያን ዕለት ሰው ሁሉ የሚውለው ሰገነት ላይ ነው፤ የታችኛው በረንዳማ የሚያየው የሲሚንቶ ግድግዳ ነው። ዝናብ የሚቀንሰው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ሲሆን፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ኮፍያ አይረሳ። የጾም ምግብ ለሚፈልጉ ልጅቱ አስቀድማ ለኩባንያው ታስታውቅ። የመርከቡ ሐኪም በነፃ እንደማያክምም ይታወቅ።

ይህ ቦይ የብዙ ሰው ሕይወት ጠይቋል። እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1914 ባለው የአሜሪካኖች ግንባታ ብቻ 5,609 ሠራተኞች በበሽታና በአደጋ መሞታቸው ተመዝግቧል፤ አብዛኞቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። ካስጨነቋቸው በሽታዎች አንዱ ቢጫ ወባ ነው። ዛሬ ክትባት አለው፤ አገራችንም በሽታው ከሚገኝባቸው አገሮች ስለምትቆጠር የክትባቱን ካርድ መያዝ ያሻል።

ከሁሉም በላይ ግን ቪዛችሁን ተመልከቱ። መርከቡ ፓናማን የመሰለ ሌላ አገር ደርሶ ሲመለስ፣ ተሳፋሪው አሜሪካ የሚገባው እንደ አዲስ ነው። ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ መመለሻ አይሆንም። ይህንን ደግሞ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጽፍ የለም።

እኚያ እናት ፓስፖርታቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡን። ቪዛው የአንድ ጊዜ ነበር። ደግነቱ ልጃቸው ቀብዱን ገና አልከፈለችም፤ ያን ዕለት ማታውኑ ደወሉላት።