ስለ ማጠናቀቂያ ፈተናና ስለ ምስክር ወረቀት ምርጫ

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የአገራችን ሰው ልጁን ወይም የእኅቱን ልጅ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከደሴ አስመጥቶ ወደ ቤቱ ካገባ በኋላ፣ ገና የጉዞው ድካም ሳይወጣለት የሚነሣው ጥያቄ፣ ልጁ ሃይስኩል ይግባ ወይስ ጂኢዲ ይፈተን የሚለው ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው የአገሩን የትምህርት ሥርዐት ከመረመረ ሰው ሳይሆን፣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ከተገናኘ ቅን ወዳጅ ነው፤ እርሱም፣ «ጋሼ፣ ልጁን ሦስት አራት ዓመት ምን ያስቀምጡታል? ጂኢዲውን ይውሰድና ሥራ ይጀምር» ይላል። ይህ ምክር በፍቅር የተሰጠ ቢሆንም፣ ለአሥራ ስድስትና ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጅግ ጎጂ እንደ ሆነ ስለማምን፣ የማምንበትን ምክንያት በሰፊው ልገልጽ እወዳለሁ።

ጂኢዲን ለማጥላላት አልተነሣሁም። እ.ኤ.አ. በ1942 ትምህርታቸውን አቋርጠው ለዘመቱ ወታደሮች ታስቦ የተመሠረተው ይህ ፈተና፣ በሒሳብ፣ በእንግሊዝኛ ንባብና ጽሕፈት፣ በሳይንስና በማኅበራዊ ትምህርት በእያንዳንዱ 145 ነጥብ ያገኘውን ሰው ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ ሰው ጋር የሚያስተካክል ስለ ሆነ፣ አንዱን ትምህርት የወደቀም ያንኑ ብቻ ደግሞ እንዲፈተን ስለሚፈቅድ፣ ቀን ሠርታ ማታ ልጆቿን ለምታሳድግ እናት ታላቅ በረከት ነው። ሜሪላንድ ይህን ላለፈ ሰው የስቴቱን የሃይስኩል ዲፕሎማ ስትሰጥ፣ ቨርጂንያ ግን የአቻነት ምስክር ወረቀት ትሰጣለች፤ ስለዚህ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲያና ወዲህ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች አንዱን ፈተና አልፈው ስሙ የተለያየ ወረቀት ይቀበላሉ።

ነገር ግን ይህ ፈተና ያለውን ዕውቀት ይመዝናል እንጂ የጎደለውን አይሞላም። ሃይስኩል የገባው ልጅ ከመምህራን አፍ በየቀኑ እንግሊዝኛ ይሰማል፤ በቤተ ሙከራ ይሠራል፤ የኮሌጅን መንገድ የሚያሳየው አማካሪ ያገኛል፤ ጓደኛም ያፈራል። ይህን ሁሉ የተወ ልጅ በሃያ አምስት ዓመቱ ሲመለስበት፣ የቤት ኪራይና የመኪና ዕዳ ተሸክሞ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እንኳ ሲመለምል የሃይስኩል ዲፕሎማ የያዘውን ከጂኢዲ ባለቤት በላቀ ደረጃ ይመድበዋል።

«ዕድሜው አልፏል» የሚለውም ወሬ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። በሜሪላንድ ሕግ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ያለ ክፍያ የመማር መብት አለው፤ ቨርጂንያም እስከ 20 ዓመት ስታስተምር፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ በኋላ በስቴቱ ትምህርት ቤት የገባውንና እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነውን ግን ትምህርት ቤቶቹ እስከ 22 ዓመቱ ሊቀበሉት ሕጉ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙ ተለውጦ የአሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል የተባለው ትምህርት ቤትም፣ ከውጭ አገር አዲስ ለመጡ ተማሪዎች ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ክፍል አቋቁሟል።

በቨርጂንያ ደግሞ ሌላ ምርጫ አለ፤ መደበኛው ዲፕሎማ 22 ክሬዲት፣ ከፍተኛው ዲፕሎማ 26 ክሬዲት ይጠይቃሉ። ከፍተኛው ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የውጭ ቋንቋ ነው፤ ይኸውም አንድ ቋንቋ ለሦስት ዓመት፣ ወይም ሁለት ቋንቋዎች ሁለት ሁለት ዓመት መማር ነው። የልጃችንን አማርኛ ግን ማን አስታወሰው? በአሌክሳንድሪያ አጠገብ የሚገኘው የፌርፋክስ ካውንቲ የትምህርት አስተዳደር አማርኛን በፈተና መዝኖ ክሬዲት ስለሚሰጥ፣ ከእናቱ ጋር የመጣው ቋንቋ የአንዱን ቋንቋ ድርሻ ሊሸፍንለት ይችላል። ይህን ዕድል ሳያውቁ ያለፉ ወላጆች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ፈተና ደግሞ መውሰድን እንደ ውርደት መቁጠራችንም ብዙ ወጣት አሰናክሏል። በስቴቱ የትምህርት ፈተና በጥቂት ነጥብ የወደቀውን ተማሪ፣ ዓመት ሳይጠብቅ በዚያው ወቅት እንደገና እንዲቀመጥ የቨርጂንያ ሥርዐት ራሱ ይጋብዘዋል፤ ልጁ ግን አባቱን ስለሚፈራ ውጤቱን ይደብቃል። በአገራችን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በማግሥቱም ዓመት 3.2 በመቶ። ከነዚያ ዓመታት የመጣውን ልጅ ሰነፍ ብሎ መስደብ ፍርደ ገምድልነት ነው። የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሊቃውንት ድጓን የትም ቢማሩ ለምስክር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ ይሄዱ ነበር፤ ያልጸናላቸውንም እየመላለሱ ቀጽለው ነበር የሚያስመሰክሩት፤ ስለ መመላለሳቸውም የነቀፋቸው አልነበረም።

በተቃራኒው ደግሞ፣ የያዘውን ምስክር ወረቀት ጥሎ አዲስ እንዲፈተን የሚገፋው ወጣት አለ። አንዳንዱ በዲቪ የመጣው የ12 ዓመት መደበኛ ትምህርት መፈጸሙን አስመስክሮ ነው፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ጉዳይ ጂኢዲን ፈጽሞ አይቀበልም። እንዲህ ያለው ሰው እዚህ ሲደርስ «የኢትዮጵያ ወረቀት አይሠራም» ተብሎ ጂኢዲ ሲያጠና አንድ ዓመት ያጠፋል። ወረቀቱ ግን ይሠራል! በሲልቨር ስፕሪንግ ቅርንጫፍ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅም፣ በአሌክሳንድሪያ ቅርንጫፍ ያለው የሰሜን ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም በራቸው ክፍት ነው፤ ከአሜሪካው ሃይስኩል ጋር የሚስተካከል የውጭ አገር ምስክር ወረቀት ለፌደራል መንግሥት የትምህርት ርዳታም ያበቃል። ለእርሱ የሚቀረው እንግሊዝኛውን ማጽናት ነው።

ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና ዕድሮቹ ቢያንስ አንድ አንድ የትምህርት ሥርዐቱን የሚያውቅ ሰው ሠይመው ለአዲስ መጤ ቤተሰብ እንዲያስረዳ ቢያደርጉ፣ ብዙ ዘመን ይተርፋል። በአገር ቤት ያላችሁ ወላጆችም፣ ልጁ ከመሳፈሩ አስቀድሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት በማኅተም አስደግፋችሁ፣ የብሔራዊ ፈተናውንም ውጤት ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት አውጥታችሁ በእጁ ስጡት፤ እዚህ ያለው ትምህርት ቤት ክሬዲት የሚቆጥርለት በዚያ ወረቀት ነውና፣ ከሄደ በኋላ በውክልና ለማስወጣት ሲደከም ልጁ የተማረውን ክፍል ደግሞ እየተማረ ይቆያል።